ስኳር ሲወርድና ሲወጣ፦ በሽታው በቅርቡ ለተገኘባቸው የአዳማ ነዋሪዎች የአሠራር መመሪያ

የስኳር በሽታ እንዳለባቸው በቅርቡ የተነገራቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈሩት ትልቁን ቁጥር ነው። የስኳር መለኪያ ማሽኑ 240 ሲያሳይ ቤተሰቡ በሙሉ ይደነግጣል፤ 62 ሲያሳይ ግን «ተመስገን፣ ወርዷል» ተብሎ ይታለፋል። ፍርሃቱ መሆን የነበረበት ተገላቢጦሽ ነው። 240 የሆነበት ሰው ውሃ እየጠጣ፣ ሳያስመልሰው፣ እንደ ወትሮው እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ምክንያቱን ለመፈለግና ሐኪም ለማማከር ጊዜ አለው። ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን ወግቶ 62 የሆነበት ሰው ግን በእጁ ያለው ደቂቃዎች ብቻ ናቸው።

ከዚህ በታች ያለው ሁለቱን ለመለየትና ቤት ውስጥ ምን ከምን እንደሚቀድም ለማወቅ ነው። የመድኃኒትዎን መጠን የሚወስነው የሚከታተልዎ ሐኪም ነው። ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሕፃናትና በዕድሜ ለገፉ ሰዎች የሚሰጠው የቁጥር ግብም እዚህ ከተጻፈው ይለያል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በአገራችን የምንጠቀምባቸው አብዛኞቹ ማሽኖች ስኳርን የሚያነቡት በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ዘመድ ከውጭ የላከልዎ ማሽን 6.4 ወይም 11.2 እያለ ነጥብ ያለው ቁጥር ካሳየዎት አልተበላሸም፤ የሚያነበው በሌላ መለኪያ ነው። በ18 ያባዙት፤ 6.4 ማለት 115 ገደማ ነው።

ለአብዛኛው አዋቂ ሰው የሚፈለገው እንዲህ ነው፦

- ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130
- መብላት ከጀመሩ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ከ180 በታች
- ከ70 በታች ከሆነ ስኳር ወርዷል፤ ወዲያውኑ ይታከማል
- ከ54 በታች ከሆነ አደገኛ ነው፤ አእምሮ በትክክል ማሰብ ያቅተዋል
- በተከታታይ ሲለካ ከ250 በላይ ከሆነ ወጥቷል፤ ምክንያቱ ይፈለጋል፣ ለሐኪም ይነገራል

ማሽኑ በቁጥር ፋንታ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሃይ» ብሎ ከጻፈ በአብዛኞቹ ማሽኖች ስኳሩ ከ600 በላይ ነው ማለት ነው፤ «ሎ» ካለ ደግሞ ከ20 በታች። «ሃይ» ካለ እጅዎን ታጥበው አንድ ጊዜ ደግመው ይለኩ፤ ያው ከሆነ ወደ ሆስፒታል ነው። «ሎ» ካለ ግን ስኳር ይቀድማል፤ ደግሞ መለካቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

180 ዝም ብሎ የተመረጠ ቁጥር አይደለም። ኩላሊት ደም ውስጥ ያለውን ስኳር መልሶ የማስቀረት ችሎታው የሚያልቀው እዚያ አካባቢ ነው። ከዚያ ያለፈው ስኳር ከሽንት ጋር ይወጣል፤ ሲወጣም ውሃ ይዞ ይሄዳል። ሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ የሚያስነሳው ሽንት፣ አፍ የሚያደርቀው ጥማትና ሳያስቡት የሚቀንሰው ክብደት የሚመጡት ከዚህ ነው። የሚጠማዎት ሽንት ስለበዛ ነው፤ ስለዚህ ሽንት ለመቀነስ ብለው ውሃ አይቀንሱ። ለስላሳ መጠጥ ጠጥቶ ጥማትን ማርካትም እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው።

ላብራቶሪ የሚሠራልዎ «የሦስት ወር ስኳር» የሚባለው ምርመራ ደግሞ የተለየ ነገር ይናገራል። በመቶኛ የሚነገር ሲሆን ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል። 7 በመቶ ማለት በአማካይ 154፣ 8 በመቶ 183፣ 9 በመቶ 212፣ 10 በመቶ 240 ገደማ ነው። ለብዙ ሰው የሚፈለገው ከ7 በታች ነው። አማካይ ስለሆነ ግን መዋዠቅን ይደብቃል፤ ሌሊት 50፣ ቀን 260 የሚሆን ሰውም 7 ሊያገኝ ይችላል። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ መለካትን የሚተካ ነገር የሌለው።

አለካክ

1. እጅዎን በውሃና በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ማንጎ የላጠ ወይም ስኳር የነካ ጣት ቁጥሩን በብዙ አሥሮች ከፍ ያደርገዋል። በአልኮል መጥረግ ብቻ የፍራፍሬውን ስኳር አያነሳውም፤ ያልደረቀ አልኮል ደግሞ ደሙን ያቀጥነዋል። የሚታጠቡበት ውሃ ካጡ የመጀመሪያውን የደም ጠብታ በንጹሕ ጥጥ ጠርገው ሁለተኛውን ይጠቀሙ።
2. ስትሪፑ፣ ማለትም ማሽኑ ላይ የሚሰካው ደም የሚነካበት ቁራጭ፣ ለማሽኑ የተሠራ መሆኑንና ጊዜው አለማለፉን ይዩ። አንዱን አውጥተው ክዳኑን ወዲያው ይግጠሙ። እርጥበትና ሙቀት ስትሪፕን ያበላሻሉ፤ የአዳማ ፀሐይ ያረፈበት መኪና ወይም መስኮት ላይ የዋለ ስትሪፕ አይታመንም።
3. የሚወጉት የጣትን ጎን ነው። መሐሉ ነርቭ ስለሚበዛበት የበለጠ ያማል። እጅዎ ከቀዘቀዘ ወደታች አንጠልጥለው ጥቂት ያሻሹት፤ ደም እንቢ ሲል ጣትን አጥብቆ መጭመቅ ግን ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል።
4. የስትሪፑን ጫፍ ጠብታው ላይ ያስነኩ፤ ራሱ ይስበዋል። ላዩ ላይ አይቀቡት።
5. ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ ከምግብ በፊት ወይም በኋላ መሆኑን፣ ከዚያ በፊት የወሰዱትን መድኃኒት ይጻፉ። «178» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ቁጥር ለማንም አይጠቅምም። ከምሳ 2 ሰዓት በኋላ ከሆነ ደህና ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ከሆነ ግን ከፍ ያለ ነው።

መውጊያዋን መርፌ ከማንም ጋር አይጋሩ፤ ባልና ሚስትም ቢሆኑ። ያገለገለችውን ክዳኑ በሚገጥም ጠንካራ ፕላስቲክ ዕቃ ያጠራቅሙና ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ።

ማንኛውም ማሽን እስከ 15 በመቶ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ትናንት 118፣ ዛሬ 126 ማግኘት ለውጥ አይደለም። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ለክተው 140 እና 152 ቢያገኙም ማሽኑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ስትሪፕ ውድ ነው፣ አንዳንዴም ከገበያ ይጠፋል። ያለዎትን በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ብቻ ከመጨረስ ጥንድ ጥንድ አድርገው ቢጠቀሙበት የበለጠ ያስተምርዎታል። አንድ ቀን ከቁርስ በፊትና ከቁርስ 2 ሰዓት በኋላ፣ ሌላ ቀን ከምሳ በፊትና በኋላ፣ ሌላ ቀን በእራት እንደዚሁ። የሁለቱ ልዩነት ከ50 ብዙ ካልራቀ ያ ምግብ ተስማምቶዎታል። ከ60 እና ከ70 በላይ ከዘለለ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ምግብ እንጀራውን ወይም ዳቦውን ቀንሰው ደግመው ይሞክሩት። ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ግን ከመውጋታቸው በፊት የሚለኩትን መዝለል የለባቸውም።

ስኳር ሲወርድ

በመጀመሪያ ይህ የሚመለከተዎት መሆኑን ይወቁ። ሜትፎርሚን የሚባለውን ኪኒን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ እምብዛም አይወርድም። ኢንሱሊን የሚወጋና ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ኪኒን የሚውጥ ሰው ግን ሁልጊዜ ዝግጁ መሆን አለበት። የትኛውን እንደሚወስዱ የማያውቁ ከሆነ ዛሬውኑ የመድኃኒቱን ካርቶን አንብበው ስሙን ስልክዎ ላይ ይያዙት።

ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ በድንገት ይመጣል፤ ማላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ድው ድው ማለት፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የከንፈር መደንዘዝ። ከዚያ ዓይን ይደበዝዛል፣ አንደበት ይተሳሰራል፣ ሰውየው ያለ ምክንያት ይበሳጫል፤ «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ይቆጣል። በዚህ ጊዜ የሚቆጣው አእምሮው ስኳር አጥቶ ነውና አይከራከሩት፤ የሚጠጣውን በእጁ ይስጡት። አዳማ ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ከቀኑ 8 ሰዓት ፀሐይ ላይ የሚያልበው ሰው «ሙቀቱ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የሙቀት ላብ ጥላ ውስጥ ሲቀመጡ ይቀንሳል፤ የስኳር ላብ ቀዝቃዛ ነው፣ ከመንቀጥቀጥ ጋር ይመጣል፣ ጥላም አያቆመውም። ከተጠራጠሩ ይለኩ። ለደም ግፊት ወይም ለልብ ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል የሚወስዱ ከሆነ መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ሊደበቅ ይችላል፤ ላቡ ግን ይቀራል። ላብን እንደ ዋና ምልክት ይያዙት።

ሲወርድ የሚደረገው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦

1. የያዙትን ሥራ አቁመው ይቀመጡ። ባጃጅ ወይም መኪና እየነዱ ከሆነ ጥግ ይዘው ሞተሩን ያጥፉ።
2. ማሽን አጠገብዎ ካለ ይለኩ። ከሌለ ማሽን ፍለጋ አይሂዱ፤ እንደወረደ ቆጥረው ይቀጥሉ።
3. 15 ግራም ፈጣን ስኳር ይውሰዱ። ከሚከተሉት አንዱ ይበቃል፦ አናቱ ያልተቆለለ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው፤ 1 የሾርባ ማንኪያ ማር፤ ወይም 150 ሚሊ ሊትር ኮካ፣ ፋንታ ወይም ሚሪንዳ፣ ይህም የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ግማሽ ነው። ቁጥሩ ከ54 በታች ከሆነ 5 የሻይ ማንኪያ ያድርጉት።
4. ሰዓት ይዩና 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ሰውነት «ብላ፣ ብላ» ይላል። ስኳሩ ከሆድ ወደ ደም እስኪገባ ግን ጊዜ ይፈልጋል።
5. እንደገና ይለኩ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ያንኑ 15 ግራም ይድገሙ። ሦስት ጊዜ ደጋግመው ካልወጣ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።
6. ከ70 ካለፈና የሚቀጥለው ምግብዎ ከ1 ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ አንድ ዳቦ ወይም ትንሽ እንጀራ በሽሮ ይብሉ። የጠጡት ስኳር ቶሎ ያልቃል፤ ይዞ የሚያቆየው ይህ ነው።
7. ሰዓቱንና ምክንያቱን ይጻፉ።

እዚህ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ። አምቦ ውሃ መስጠት አንዱ ነው፤ ጋዝ እንጂ ስኳር የለውም። «ዜሮ» የሚባሉት ለስላሳዎችም እንዲሁ። ቸኮሌትና ብስኩት ጣፋጭ ቢሆኑም ስባቸው ስኳሩን ያዘገየዋል። እንጀራ ቀድሞ መብላትም ልክ አይደለም፤ መጀመሪያ ፈሳሽ ስኳር፣ እንጀራው ቀጥሎ። ሌላው ከልክ ማለፍ ነው፤ በድንጋጤ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ሁለት ዳቦና ሻይ በብዙ ስኳር ከተወሰደ ከ2 ሰዓት በኋላ ማሽኑ 320 ይላል። ያን ለማውረድ ከመጠን በላይ ኢንሱሊን ይወጋል፣ ማታ ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል። ይህን አዙሪት የሚሰብረው የ15 ደቂቃዋ ትዕግሥት ናት።

ግሊቤንክላማይድ የሚውጡ ሰዎች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ስኳሩ ከተስተካከለ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊወርድ ይችላል። በተለይ ኩላሊታቸው የደከመ አረጋውያን። እናትዎ ኪኒኑን ውጠው ምሳ ሳይበሉ ቀርተው ከወደቁ «አሁን ነቅተዋል» ብለው ብቻቸውን አይተዉአቸው፤ እስከ ማግስቱ ክትትል ያስፈልጋቸዋል፤ የሚሻለው ሆስፒታል ውስጥ ነው።

ራሱን ከሳተ፦ ለቤተሰብ

ይህን ክፍል አብሮዎ የሚኖር ሰው ያንብበው። ራሱን የሳተ ወይም መዋጥ ያልቻለ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ ውሃም፣ ለስላሳም፣ ማርም። ወደ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋል። በጎኑ ያስተኙት፣ አንገቱን ቀና ያድርጉት፣ አፉን ይጥረጉለት። ኢንሱሊን በፍጹም አይውጉት፤ «ስኳር በሽተኛ ስለሆነ መድኃኒቱን እንስጠው» ብሎ መውጋት ይገድላል። ባገኙት መጓጓዣ በቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ያድርሱት። በሩ ላይ የሚነገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ስኳር አለበት፣ ኢንሱሊን ይወጋል፣ በዚህ ሰዓት ወግቷል»። በደም ሥር ግሉኮስ ሲሰጠው ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ይነቃል።

የወረደ የሚመስል ግን ያልወረደ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። ለወራት 350 ላይ የኖረ ሰውነት መድኃኒት ተጀምሮ 130 ሲደርስ እንደወረደበት ቆጥሮ ይንቀጠቀጣል፣ ይርበዋል፣ ያልበዋል። ቢለኩት ቁጥሩ ጤናማ ነው። በዚህ ጊዜ ስኳር አይጠጡ፤ ትንሽ ምግብ ቀምሰው ይረፉ። ሰውነት በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል። በዚሁ ወቅት ዓይንም ይደበዝዛል፤ የዓይን ሌንስ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እየተስተካከለ ስለሆነ ነው። ስኳሩ ከተረጋጋ በኋላ ሁለት ወር ገደማ ሳይሞላ መነጽር አያሠሩ፤ ገንዘብዎን ያባክናሉ። ለስኳር የሚደረገውን የዓይን ምርመራ ግን አያዘግዩ፤ እሱ ሌላ ነው።

ለምን ወረደ?

ምክንያቱ ከአራት አንዱ ነው ማለት ይቻላል። ተወግቶ ወይም ተውጦ ምግብ ዘግይቷል፤ ከወትሮው የበዛ ሥራ ወይም እግር ጉዞ ነበር፤ መጠኑ ተሳስቷል፤ ወይም መጠጥ አለበት።

መጠኑ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ በሲሪንጁ ነው። የ1 ሚሊ ሊትሩ ሲሪንጅ ላይ ብዙውን ጊዜ አንድ መስመር 2 ዩኒት (የኢንሱሊን መጠን መለኪያ) ነው፤ የግማሽ ሚሊ ሊትሩ ላይ አንድ መስመር 1 ዩኒት ነው። ፋርማሲው የተለየ ሲሪንጅ ከሰጠዎት መስመር ቆጥሮ መሳብ ዕጥፍ ያስወጋል። ሁልጊዜ የተጻፈውን ቁጥር እንጂ መስመሩን አይቁጠሩ።

መጠጥን በተመለከተ ጉበት አረቄ ወይም ቢራ በማጣራት ሲጠመድ የተከማቸ ስኳር ወደ ደም መልቀቁን ይተዋል። በባዶ ሆድ ማታ የጠጣ ሰው ስኳሩ የሚወርደው ሌሊት ተኝቶ እያለ ነው፤ ያየው ሁሉ «ሰክሮ ነው» ብሎ ይተወዋል። ጫትም በሌላ መንገድ ያምታታል፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋና ምሳና እራት ይዘለላሉ፣ በመሐል ደግሞ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ይገባል።

ሶደሬ ለመዝናናት ሲሄዱ ኢንሱሊን ወግተው ወዲያው ፍል ውሃ ውስጥ አይግቡ። ሙቀቱ የደም ሥሮችን ስለሚከፍት ኢንሱሊኑ ከታሰበው በፍጥነት ይሠራል። እግራቸው የሚደነዝዛቸው ሰዎች ደግሞ የውሃውን ሙቀት በእግራቸው ሳይሆን በክንዳቸው ይፈትሹ፤ ሳይሰማቸው ይቃጠላሉና።

ማታ ሌንቴ የሚባለውን ደመናማ ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ጉልበቱ የሚበረታው ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ምሽት 3 ሰዓት የተወጋ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጀምሮ ማለት ነው። በላብ የራሰ ልብስ፣ ቅዠት፣ ጠዋት የሚነሳ ራስ ምታት የሌሊት መውረድ ምልክቶች ናቸው። የጠዋት ቁጥርዎ በተደጋጋሚ ከፍ ካለ መጠን ከመጨመሩ በፊት ሁለት ሌሊት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነሥተው ይለኩ። ያኔ 65 ከሆነ መጠን መጨመር አደጋ ነው፤ 190 ከሆነ ሐኪሙ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ይህቺ ሁለት ስትሪፕ ከብዙ ግምት ታድናለች።

ስኳር ሲወጣ

አንድ ቀን 230 ማግኘት አስቸኳይ አይደለም። ውሃ ይጠጡ፤ የበሉትን ያስታውሱ፤ መድኃኒት ዘልለው እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከ3 ወይም ከ4 ሰዓት በኋላ ደግመው ይለኩ። ከታዘዘልዎ ውጭ ኪኒን አይደርቡ፤ የተወጉት ኢንሱሊን ገና እየሠራ እያለ ሌላ አይጨምሩ።

ብዙ ሰው ስኳር የሚወጣው በጣፋጭ ብቻ ይመስለዋል። ሻዩን ያለ ስኳር እየጠጣ ሁለት እንጀራ፣ ላዩ ላይ ዳቦ የሚጨምር ሰው አለ። ቀይ ጤፍም ነጭ ጤፍም ስኳር ይጨምራሉ፤ በሶም፣ ቆሎም፣ ፓስታም፣ ሩዝም። አያስከለክልም፤ የሚወስነው መጠኑ ነው። ሳህንዎን በዓይንዎ ይክፈሉት፦ ግማሹ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ፎሶሊያ ወይም ሰላጣ፤ ሩቡ ምስር፣ እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ሥጋ፤ ሩቡ እንጀራ። ከአንድ ትሪ ሲበላ መጠን ስለሚጠፋ የእርስዎን እንጀራ አስቀድመው ለይተው ያስቀምጡ። ጭማቂ ቤት የሚሠራው ስፕሪስ ስኳር ባይጨመርበት እንኳ የሦስትና የአራት ፍሬ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ነው፤ ፍሬውን መብላት ይሻላል። ከወንጂ በኩል የሚመጣው ሸንኮራ አገዳ ማኘክም ስኳር መብላት ነው። ማርም «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ አያልፍም።

ምግቡም መድኃኒቱም ልክ ሆኖ በድንገት ከወጣ ኢንፌክሽን ይፈልጉ፤ ጥርስ፣ ሽንት፣ እግር ላይ ያለ ቁስል፣ ሳል። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የሚባሉት መድኃኒቶችም በኃይል ያወጣሉ፤ ለሌላ ሕመም ሐኪም ጋ ሲሄዱ ስኳር እንዳለብዎ ሳይጠየቁ ይናገሩ። አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ሲወጉ የሚፈጠረው እብጠትም ኢንሱሊኑን በትክክል አያሳልፍም፤ ቦታውን ለወራት ይተዉትና ቢያንስ አንድ ጣት ያህል እየራቁ ይውጉ።

ወዲያውኑ ወደ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ወይም ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሚያስሄዱት እነዚህ ናቸው፦ ስኳሩ ከ250 በላይ ሆኖ ማስመለስ ወይም የሆድ ሕመም፤ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ወይም የበሰለ ፍሬ የሚመስል የአፍ ሽታ፤ መፍዘዝና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፤ ሽንት ላይ ኪቶን (ስብ ሲቃጠል የሚወጣ አሲድ) መገኘት። ይህ ሁኔታ ሰውነት በኢንሱሊን እጥረት ስብ እያቃጠለ ደሙን አሲድ ሲያደርገው የሚከሰት ሲሆን በተለይ ኢንሱሊን ለሚወጉ ወጣቶች በአንድ ቀን ውስጥ አደጋ ላይ ይጥላል። በዕድሜ በገፉት ላይ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ በቀናት፣ ስኳሩ ከ600 አልፎ ውሃ ከሰውነት ያልቃል፤ ቤተሰብ የሚያየው መፍዘዝን ብቻ ነው።

ሲታመሙ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ አልበላሁም ብለው ኢንሱሊንን ሙሉ በሙሉ አያቋርጡ። ሕመም ራሱ ስኳር ያወጣል። በየ4 ሰዓቱ ይለኩ፣ በየጊዜው ፈሳሽ ይጎንጩ፣ መጠኑን በስልክም ቢሆን ያማክሩ። ሜትፎርሚን የሚወስዱ ሰዎች ተቅማጥና ትውከት ከጸናባቸው ኪኒኑን ለጊዜው ስለማቆም ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ኢንሱሊንና የአዳማ ሙቀት

ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ በረዶ ቤቱን ሳይነካ። አንዴ የቀዘቀዘ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አያገለግልም። የተከፈተው በጥላ፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሳያልፍ፣ በአብዛኛው ለ28 ቀን ያገለግላል፤ የከፈቱበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፉ። ፍሪጅ ለሌለው ወይም መብራት ለሚጠፋበት ቤት ሸክላ ጥሩ መፍትሔ ነው። ብልቃጡን ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ አሽገው በትንሽ ገንቦ ያስቀምጡ፣ ገንቦውን እርጥብ አሸዋ ባለበት ሰፋ ያለ ዕቃ ውስጥ አድርገው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ያኑሩት፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ያርጥቡ።

ሬጉላር የሚባለው ኢንሱሊን ጥሩ ከሆነ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ከደፈረሰ ይጣላል። ሌንቴው በመዳፍ መሐል ቀስ ብሎ 20 ጊዜ ሲንከባለል ወጥ ሆኖ ወተት ይመስላል፤ ከተጓጎለ ወይም ጠርዙ ላይ ከተጣበቀ ይጣላል። በኃይል አይነቅንቁት። መጠኑ ሳይቀየር ስኳርዎ ለቀናት ከወጣ መጀመሪያ ብልቃጡን ይጠርጥሩ።

ጾም፣ ጠበልና የአገር መድኃኒት

በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም፣ በረመዳን ውሃም የማይቀምስ ሰው ጠዋት የተለመደውን መጠን ወስዶ ቢውል ይወርድበታል። ስለዚህ ከጾሙ አንድ ወር ተኩል ቀደም ብለው ሐኪሙን ያነጋግሩ፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ይቀየራል፤ ለአንዳንዱ ሰው ደግሞ መጾም ጨርሶ አይመከርም። ከንስሐ አባትዎ ወይም ከሚያምኑት ዓሊም ጋርም ይመካከሩ፤ በሁለቱም እምነት ለታመመ ሰው መንገድ አለ። በጾም ቀን ጣት ወግቶ መለካት ያስፈልጋል። ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ ጾሙ የዚያኑ ሰዓት ይፈታል፤ ለማፍጠሪያ አንድ ሰዓት ብቻ ቢቀርም።

ጠበል የሚጠመቁ ሰዎች መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ይጠመቁ። አብሽም ሆነ ሽፈራው ቢወስዱ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ በኢንሱሊን ምትክ ግን አይሆኑም።

ክትትል ሲሄዱ

ማስታወሻ ደብተሩን፣ ማሽኑን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ። በባዶ ሆድ እንዲመጡ ከተነገረዎት የጠዋቱን ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ቤት ውስጥ ወስደው ከቤት አይነሡ፤ ወረፋው ቢረዝም ሳይበሉ ይወርድብዎታል። ለምርመራው ደም እስኪሰጡ መድኃኒቱን ይዘው ይቆዩ፤ ከሰጡ በኋላ መድኃኒቱን ይውሰዱና የያዙትን ቁርስ ይብሉ። ኢንሱሊኑን የሚይዙበት ዕቃ ፀሐይ የማያገኘው ይሁን፤ ስኳሩን ግን ቶሎ በሚያገኙት ኪስ ያድርጉት። ራስዎ እየነዱ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ከሆነ ከመነሣትዎ በፊት ይለኩ፤ ከ90 በታች ከሆነ በልተው፣ ከፍ ማለቱን አይተው ይውጡ።